«እስከ ሐምሌ 30 የጸና ነው» ተብሎ በ23 የተሻረ ዋጋ፦ የአንዲት ቪትዝ መኪና ግዢ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ደሴ ውስጥ በጥብቅና ነው የምሠራው። ይህ ጉዳይ የጎረቤቴ ነው። ከመሃሉ ገብቼ እስከ መጨረሻው አብሬያት ሄጃለሁ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የእሷንም የሻጩንም የሱቁንም ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አልተነሳሁም።

የጻፍኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙ ሰው ሻጭ ዋጋ ነግሮ ቀን ሰጥቶ ሲያበቃ «ገንዘቡን እስካልተቀበለ ድረስ መብቱ ነው፣ ሲፈልግ ይተወዋል» ብሎ ያምናል። ሕጉ እንዲህ አይልም። ሁለተኛ፣ ሁላችንም ቀብድን እንደ ማሰሪያ ገመድ ነው የምናየው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቀብድ ለሻጩ መውጫ በር ሊሆንለት ለጥቂት ነበር።

መነሻው

ገዢዋ አስራ አንድ ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። ደሴ ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። እናቷ ኮምቦልቻ ይኖራሉ፤ የደሴ ብርድ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቆላውን መርጠው። ሐኪማቸው ያለው ግን ደሴ ነው። በወር ሁለት ሦስቴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ያ መንገድ በጭጋግ ተሸፍኖ ሹፌሩ ፊቱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ነው የሚነዳው። መኪናውን የፈለገችው ለዚህ ነው። ለሥራ አልነበረም፣ ለቤተሰብ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ይመጣል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ሰኞ፣ ከወንድሟ ጋር ኮምቦልቻ ወርደው አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ገቡ። ያገለገለች ብርማ ቪትዝ ወደደች። የፊት መስታወቷ ላይ 1,500,000 የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተከራክረው 1,450,000 ላይ ቆሙ።

ሁሉም ገንዘብ እጇ ላይ አልነበረም። የቀረውን እቁብ የምትወስደው ሐምሌ 28፣ እሁድ ነው። ይህን ሳትደብቅ ነገረችው። «አብሽሪ፣ እጠብቅሻለሁ» አላት። ፕሮፎርማ አውጥቶ የሻንሲ ቁጥሩንና ዋጋውን ሞላ። ከታች በእጁ «ይህ ዋጋ እስከ ሐምሌ 30/2016 የጸና ነው። 50,000 ብር ተቀብያለሁ። ስም ማዞሪያ በሻጭ» ብሎ ጨመረበትና ፈረመ። ማህተሙ ቀለም ስላነሰው ሁለቴ መታው። ሁለተኛው ምት ቀኑ ላይ አርፎ የ«30»ን መጀመሪያ ቁጥር አደበዘዘው። ያን ዕለት ማንም ልብ አላለውም።

ለ50,000ው ሕጋዊ ደረሰኝ አልቆረጠላትም። «መኪናውን ስትወስጂ ባንዴ» አላት፣ እሺ አለች።

ችግሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ያን ቀን ንግድ ባንክ ላይ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ ነሐሴ ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ታግዶ ስለነበር፣ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ያለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወርቅ ላይ የተኛ ያህል ተሰማው። ሻጮችን አልፈርድባቸውም፤ መሸጥ አቁመው ዳር ዳር ማየት የጀመሩት ብዙ ነበሩ። ቀን ቆርጦ ፈርሞ የሰጠ ግን ሌላ ነው።

በማግስቱ፣ ሐምሌ 23፣ ደወለላት። «ዋጋው ተቀይሯል እታለም። አሁን 1,800,000 ነው። ካልሆነ 50,000ሽን ውሰጂ።» ቀኑ ሊያልቅ ሰባት ቀን ይቀረው ነበር።

እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት የሆነው

ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ጉዳዩን ሊገድሉት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገረው።

መጀመሪያ ወንድሟ ስልኩን ተቀብሏት «በቃ 1,550,000 እናድርግልህና ይለቅ» አለ። ለሰላም ብሎ ነው። በሕግ ዓይን ግን ይህ አደገኛ ቃል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1694 የቀረበውን ሐሳብ ለውጦ መቀበልን እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል፤ የተለወጠው ደግሞ አዲስ ሐሳብ ይሆናል። «በ1,550,000 እገዛለሁ» ያለ ሰው በ1,450,000 የቀረበለትን ራሱ ጥሏል ሊባል ይችላል። እኛን ያተረፈን ወረቀቱ በእህትየው ስም መሆኑና ወንድሟ ውክልና የሌለው መሆኑ ነው። ያን ቃል እሷ ራሷ ብትናገረው ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር።

ቀጥሎ ሐምሌ 24 ሁለቱም ወርደው ግቢው ውስጥ ጩኸት ሆነ። ሰው ተሰበሰበ። ወንድሟ «ቀብድ በልተሃል፣ እጥፉን ትከፍላለህ!» አለው። ሻጩ ዝም አለ። ያ ዝምታ ትርጉም ነበረው።

ሐምሌ 25 ጠዋት ስልኳ ጮኸ። 100,000 ብር አካውንቷ ገብቷል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የቀብድ እጥፍ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ እጥፉን ላከልኝ፤ አሸነፍን ማለት ነው ወይስ ምንድን ነው?» ብላ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች።

አላሸነፈችም። ቁጥር 1885 እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። ሻጩ አንድ ሰው አማክሮ ኖሯል። ከኪሱ የሚወጣው 50,000 ነው፣ መኪናዋን ግን በ350,000 ብልጫ ሊሸጣት ነው። «እጥፍ ክፈል» ብሎ በሰው ፊት የጮኸበት ወንድሟ፣ ሳያውቀው መውጫውን ራሱ አሳይቶታል።

የያዝነው መስመር

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ደጋግሜ አነበብኩት። «ቀብድ» የሚል ቃል የለበትም። «50,000 ብር ተቀብያለሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ ስለ ቀብድ ማውራት አቆምን። ቁጥር 1690 ላይ ቆምን፦ አንድ ሰው ውል እንዋዋል ብሎ ለሌላው ሐሳብ ሲያቀርብ የመቀበያ ጊዜ ከወሰነ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ባቀረበው ሐሳብ ይገደዳል። ጊዜ ባይወስንም ቁጥር 1691 ሌላው ወገን ለመወሰን የሚበቃው ጊዜ እስኪያልፍ ያስረዋል። እዚህ ግን ቀኑ ተጽፏል።

መስታወቱ ላይ የተለጠፈው 1,500,000 ግን እንዲህ አያስርም። ዕቃን ለሕዝብ ማሳየትና ዋጋ መለጠፍ ብቻውን እንደዚህ ያለ ሐሳብ ማቅረብ አይደለም፤ ቁጥር 1687 ይህን ይለያል። የሚያስረው ለእሷ ተብሎ የተጻፈው ነው።

ስለዚህ መደረግ ያለበት አንድ ነገር ነበር፤ ከ30 በፊት «ተቀብያለሁ» ማለት። ብዙ ሰው ለመቀበል ገንዘቡ እጁ ላይ መኖር ያለበት ይመስለዋል። መቀበል ሌላ ነው፣ መክፈል ሌላ ነው። እቁቡ 28 ነው፤ መቀበል ግን የዚያኑ ዕለት ይቻላል።

ሐምሌ 25 ከሰዓት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ይዘቱ አጭር ነበር። በ15 ያቀረብከውን ሐሳብ በ1,450,000 ብር፣ ምንም ሳልለውጥ ተቀብያለሁ። እስከ 30 ድረስ ቀሪውን እከፍላለሁ። ዛሬ ጠዋት የላክኸውን 100,000 ብር ውል ማፍረሻ ብዬ አልተቀበልኩም፤ ከቀሪው ክፍያ ጋር እመልሰዋለሁ። መኪናዋን እንድታስረክብ፣ ካልሆነ በሕግ እንደምጠይቅ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ለማስፈራራት አልገባም። ቁጥር 1772 እንደሚለው ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል።

ደብዳቤውን በሪኮማንዴ፣ ማለትም መላኩ ተመዝግቦ፣ ከደሴ ፖስታ ቤት ላክን፤ የመላኪያ ቁራጯን አስቀመጥን። በርቀት ላሉ ሰዎች ውሉ እንደተደረገ የሚቆጠረው መቀበሉ በተላከበት ቀንና ቦታ ነው (ቁጥር 1692)፤ ስለዚህ ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርሰውም አያስፈራንም ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ሰው ይዘን ኮፒውን ግቢው ድረስ ወሰድን። «አልቀበልም» አለ። ምስክሮቹ እምቢ ማለቱንና ሰዓቱን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፈው ፈረሙ።

ሻጩ ያነሳቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ዶላር ነበር። «መንግሥት ነው የጨመረው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። ሰው ሆኖ ለሚሰማው ያሳዝናል፤ ውል ግን በዚህ አይፈርስም። ቁጥር 1764 የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱም ብቻውን ከአቅም በላይ ምክንያት ተብሎ እንደማይቆጠር ቁጥር 1794 ላይ ተጽፏል። መኪናዋ ደግሞ ድሮ ተገዝታ ግቢው ውስጥ የቆመች ናት፤ በአዲሱ ተመን የገባች አይደለችም።

ሁለተኛው አስደነገጠኝ። «30 አይደለም፣ 20 ነው ያልኩት» አለ። ማህተሙ ያደበዘዘውን ቁጥር መያዙ ነው። ወረቀቱን መስኮት ላይ አድርጌ በብርሃን አየሁት፤ ለእኔ ሦስት ነው የሚመስለኝ፣ ለሌላ ሰው ሁለት ሊመስለው ይችላል። ያዳነን ስልኳ ነው። ሐምሌ 19 በአጭር መልዕክት «እቁቤን 28 ነው የምወስደው፣ እስከ 30 እንደተባባልነው» ብላው ነበር። መልሱም እዚያው አለ፦ «ኢንሻአላህ ችግር የለም።» ይህን ስናሳየው ክርክሩን ተወው። አንዲት ነጻ መልዕክት ከሁለት ማህተም በለጠች።

ሦስተኛው ያው ቀብድ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ዳኛ ፊት ቢቀርብ በሁለቱም በኩል ሊያከራክር የሚችል ነጥብ ነበር። ይህን አልደበቅኳትም። ፍርድ ቤት መኪናዋን በግድ አስረክብ ብሎ የሚያዘውም ጠያቂው የተለየ ጥቅም እንዳለው ሲያሳይ መሆኑን (ቁጥር 1776) ነገርኳት። ቪትዝ ደግሞ በየመንገዱ ያለ መኪና ነው። ዳኛው መኪናዋን ትቶ ኪሳራ ብቻ ሊወስንላት ይችል ነበር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት

ሐምሌ 26 አቤቱታ ይዘን ሄድን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት የሚገዛው አይገባበትም። ሻጩ ይህን ሰምቶ «ለታክሲ ሥራ ነው የምትፈልጋት» ብሎ ነበር። የእናቷን የሕክምና ካርድ አቀረብን፣ ነገሩ እዚያው ቆመ።

ባለሙያው በአክብሮት ተቀብሎናል። የዋጋውን ክርክር ግን «የውል ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» አለን። ተስፋ ያደረግሁትን ያህል አልሆነም። ጠቃሚ የሆነው ሌላው ነው። ነጋዴ ለሸጠው ነገር ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ስለሆነ፣ ለ50,000ው ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ምክንያት ተጠየቀ። ሻጩ ተጠርቶ ሲቀርብ ገንዘቡን መቀበሉን በቃሉ አመነ። ያ ቃል መዝገብ ላይ ሰፈረልን።

ሲፒኦ እና ሽማግሌ

እሁድ እቁቡ ወጣ። ሰኞ ሐምሌ 29 በሻጩ ስም የ1,500,000 ብር ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አሠራን፤ 1,400,000ው ቀሪ ዋጋ፣ 100,000ው እሱ የላከው። ማክሰኞ ሐምሌ 30 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከምስክሮች ጋር ግቢው ደረስን። መኪናዋ እዚያው ቆማለች። አቧራዋ ላይ ልጆች በጣታቸው ጽፈውባታል። ሻጩ ሲፒኦውን በእጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። መለሰልንና «አስብበታለሁ» አለ። ከዚያ ቀን በፊት የምትከፍል አልመሰለውም ነበር፤ ይህን በኋላ ራሱ ነግሮናል።

ክሱን አዘጋጀሁ። ከማስገባታችን በፊት ግን የእናቷ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሼህ ሻጩን ከልጅነቱ ያውቁት ኖሮ «እስቲ ቆዩ» አሉን። ነሐሴ 3 ከጁምዓ በኋላ እሳቸው ቤት ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። ከእሷ ወገን ሁለት፣ ከእሱ ወገን ሁለት ሽማግሌ ነበሩ። ሼሁ ሕግ አላነሱም። ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። «ይጸናል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«እሷ ቀኑን አሳልፋለች?»

«አላሳለፈችም።»

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሁሉ ስለ መጠኑ ሆነ። እሱም የሚናገረው ነበረው፤ በዚህ ገንዘብ ሌላ መኪና መተካት አይችልም፣ ልጆች አሉት። እሷ ስም ማዞሪያውን ራሷ ልትከፍል፣ ለደረሰባት ወጪና ምልልስም ምንም ላትጠይቅ ተስማማች። እሱ በ1,450,000 ሊያስረክብ ተስማማ። በጽሑፍ አድርገን ሁሉም ፈረመ። ነሐሴ 6፣ ሰኞ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው የሽያጩን ውል ፈረሙ፣ ሊብሬውን ተቀበለች።

መኪናዋን ይዛ ደሴ ስትደርስ ስኮርታው የለም። ክሪኩም የለም። ሐምሌ 15 ሁለቱም ነበሩ፤ ወንድሟ በዓይኑ አይቷል። ወረቀቱ ላይ ግን የሻንሲ ቁጥርና ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ሻጩ «አብረው አልተሸጡም» አለ። እንደገና ሽማግሌ ለመሰብሰብ አቅም አልነበራትም፣ ከኪሷ ገዛች። ይህ የእኔም ጥፋት ነው፤ የእርቁን ሰነድ ስጽፍ መኪናዋ ላይ ያለውን መዘርዘር ነበረብኝ።

ሌላ ሰው ከዚህ የሚወስደው

ያገዘን ቀን ያለበት ወረቀቱ፣ የስልክ መልዕክቷ፣ ከቀኑ በፊት የተላከው መቀበያና ሲፒኦው ናቸው። ሽምግልናው የሠራው እነዚህ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ስለነበሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ባዶ እጃችንን ብንሄድ ኖሮ ሽማግሌ «መሃል ላይ ተገናኙ» ነው የሚለው፣ መሃሉ ደግሞ 1,625,000 ነው። ጩኸቱ አልጠቀመም፤ ጎድቷል።

ዋጋው ተቀይሯል ብሎ የሚደውልላችሁ ሻጭ ካለ በስልክ አዲስ ቁጥር አትጥሩ። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የማውቀው» ብላችሁ ዝጉ። ልታስታርቁ የምትፈልጉ ዘመዶችም ይህን ዕወቁ፤ ከገዢው ጋር ሳትነጋገሩ ዋጋ አትጥቀሱ።

ገንዘብ ከመለሰላችሁ ዝም አትበሉ። ወደ አካውንት የገባ ገንዘብ እያደረ ሲሄድ «ተስማምታ ተቀብላለች» የሚል ክርክር ያስነሳል። የዚያኑ ዕለት በጽሑፍ «ለማፍረስ አልተቀበልኩም» በሉ፣ አትንኩት።

ቀብድ የሚለውን ቃል ስትጽፉ ምን እንደምትፈልጉ ለዩ። ሐሳባችሁን የመለወጥ ነጻነት ከፈለጋችሁ ቀብድ ጥሩ ነው፤ የምታጡት ይታወቃል። ዕቃው ራሱ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ገንዘቡ የዋጋው አካል መሆኑን አስጽፉ። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል በሩ ክፍት ነው። ደረሰኙንም በዕለቱ ተቀበሉ።

ባለፈው ሳምንት ያችው ጎረቤቴ ለሱቋ የስፌት ማሽን ልትገዛ ስትል ወረቀቱን አብረን ጻፍነው። እንዲህ ይላል፦ «ሻጭ ይህን ዋጋ እስከ አስራ አምስተኛው ቀን ድረስ አይለውጥም። የተከፈለው ገንዘብ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም፤ ከሁለቱ ወገን ማንኛቸውም ይህን ገንዘብ በመተው ወይም እጥፉን በመክፈል ውሉን ማፍረስ አይችሉም። ከማሽኑ ጋር የሚሰጡት ዕቃዎች ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል።» ቀኑንም በአኃዝና በፊደል ጻፍነው፤ ማህተሙ እንዳይነካውም ራቅ አድርጋ አስመታችው።